ከክፈፋቸው ስላሰናበቷቸው ጓደኞቻችን

ጎንደር፣ ሚያዝያ ፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
በተወለድሁ በሰባ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር

ለክቡር የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ የ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. ተመራቂዎች፣ በሕይወት የቀረነው፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን፤ የሞቱት ግን በእርስዎ አስተዳደር እንደ ገና ታመዋል።

ባለፈው ዓመት ሰኔ በተከበረው ኢዮቤልዩ ለቀድሞ ተማሪዎች ያሳዩንን ክብር ዘርዝሬ ባላመሰግን ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

፩ኛ. በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ተሰልፈን የኖርንበትን የክፍል ፎቶግራፍ አውጥተው፣ የዋንዛ ክፈፉን ለክብር እንግዶች የምስጋና ወረቀት ስላዋሉት እናመሰግናለን። እንጨት የሚያውቅ ዓይን አለዎት፤ ከመስተዋቱ በስተጀርባ ሰዎች መኖራቸውን ለማየት ግን ሌላ ዓይን ያስፈልግ ነበር።

፪ኛ. የእኛንና የሌሎቹን ክፍሎች ፎቶግራፎች ጣራው በሚያፈስስ ዕቃ ቤት፣ በተሰበሩ ዴስኮች ላይ ስላሳረፏቸው ምስጋናችን እጥፍ ነው። ክረምቱን አብረው ጠጥተው የእኛው ከ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ተመራቂዎች ፎቶግራፍ ጋር ፊት ለፊት ተጣብቋል። ሽታውን በጨዋ ወረቀት ላይ ለመጻፍ አልደፍርም።

፫ኛ. ጽሕፈት ቤትዎ «በሞባይል ተነሥቷል፣ አትጨነቁ» ብሎ አጽናንቶን ነበር፤ ሞባይሉ ከባለቤቱ ጋር ወደ ሌላ ወረዳ መዛወሩን፣ የኢዮቤልዩውን ባነር ያተመውም ሰው ሥራው ሲያልቅ ምስሉን ማጥፋቱን እስክንሰማ ድረስ።

የቀረውን በቁጥር ማስቀመጥ አልቻልሁም። ከኋላው ረድፍ መካከል የቆመው አብዱልባሲጥ፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ጽሕፈቱ ሸጋ የነበረ ወዳጄ፣ በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ከቤት እንደ ወጣ አልተመለሰም። እናቱ ፍተሻውን ፈርተው፣ ጓደኞቹም እንዳይያዙበት፣ የቤቱን ፎቶግራፍ ሁሉ በገዛ እጃቸው አቃጠሉ። ፊቱ የቀረው በእርስዎ ግድግዳ ላይ ብቻ ነበር። እኅቱ ወይዘሮ ፈህሚያ በየዓመቱ ከዒድ ሶላት መልስ ወደዚያ መተላለፊያ እየመጡ «ዒድ ሙባረክ፣ ወንድምዓለም» ይሉት ነበር።

ዘንድሮ ሲመጡ ያገኙት ባዶ ግድግዳና በበሩ ላይ የቀረውን የኢዮቤልዩ ባነር ነው። ባነሩ ላይ የእኛ ክፍል አለ፤ በመካከላችን ደግሞ በወርቅማ ክብ የተከበበው የክቡርነትዎ ምስል፣ ልክ አብዱልባሲጥ ላይ። ወይዘሮ ፈህሚያ ቤቴ ድረስ መጥተው «ወንድሜን ሸፍኖት የቆመው ሰውዬ ማነው? አብሯችሁ ተማረ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ባነሩን ባየሁ ቁጥር ምራቄ ይመራል፤ እንዳልተፋ የሚከለክለኝ አስተዳደጌ ብቻ ነው።

የምንለምነው አንድ ነገር ነው፦ የተጣበቁትን ሁለቱን ፎቶግራፎች ማንም ሳያላቅቃቸው እንዳሉ ለወይዘሮ ፈህሚያ ያስረክቡልን። የሚያላቅቅ ብልኅ እጅ ባይገኝ እንኳ «እዚያ ውስጥ መኖሩን ካወቅሁ ይበቃኛል» ብለዋል።

ከግድግዳዎ በክብር የተሰናበትሁ፣ በምድር ላይ ግን ገና የቆምሁ፣
ታዛዥዎ አምሐ ተክለ ጊዮርጊስ

ማሳሰቢያ፦ ማመልከቻ ሁሉ ከጉርድ ፎቶግራፍ ጋር ይቅረብ የሚለውን ደንብዎን አልዘነጋሁም። ፖስታውን ግን ያለ ፎቶግራፍ አሽጌ ልኬዋለሁ፤ ፊቴ ገና ያስፈልገኛልና።