ሁለት ሰው በአንድ በር

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6። ምሳ ሰዓት

ስህተቱ ዛሬም አልተያዘም። ጠዋቱን ሙሉ ያንኑ ፕሮግራም ሳስሮጥ፣ ያንኑ ትክክለኛ መልስ ሲሰጠኝ። ሳንድዊቹ ጠረጴዛ ላይ፣ ሳይነካ። የበሩ ቆጣሪ ሰው ሲገባ አንድ ይላል፣ ሲወጣ ዜሮ። ጨዋ ነው። እኔ ደግሞ ሲዋሽ ልይዘው ነው የተጎለትኩት።

ማስታወሻዬ፣ ሰሞኑን ጠፍቼብሻለሁ፤ ምክንያት አለኝ። ባለፈው ሐሙስ ኒው አልባኒ ባለው መጋዘን አጎቴ ጋሼ ሰይድ በመደርደሪያዎቹ መካከል ባለው ረድፍ ሆነው ዕቃ ሲለቅሙ ሮቦት ጋሪ መጣባቸው። ሰው ባለበት ረድፍ ጋሪ አይገባም፤ ሕጉ ይኼ ነው። የረድፉ በር ቆጣሪ ዜሮ ሲል ብቻ ነው ጋሪዎቹ የሚለቀቁት። ጋሼ መደርደሪያው ላይ ተለጥፈው ተረፉ። ትከሻቸው በልዟል። ከእጃቸው የወደቀውን ካርቶን ጋሪው ጨፍልቆት አለፈ።

ቆጣሪውን የሠራው የኔ መ/ቤት ነው። 

ሱፐርቫይዘሩ የሚለው፦ ባጃቸውን፣ የመግቢያ ካርዳቸውን፣ ማንበቢያው ላይ ሳያስነኩ፣ የሚወጣው ሰው በከፈተው በር ሾልከው ገብተዋል። በሩ ስም አይመዘግብም፤ የሚያውቀው መደመርና መቀነስ ብቻ። ስለዚህ የሰው ቃል በማሽን ቃል ላይ። ጋሼ ከሥራ ታግደዋል። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ጉዳያቸው ይሰማል፣ ጥፋተኛ ከተባሉ ይባረራሉ። ትናንት ደወልኩላቸው። ስለ ትከሻቸው ስጠይቅ ወደ ሌላ ነገር ይወስዱኛል። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚደጋግሙት።

«ነክቻለሁ ሃዩ። ጢጥ ብሏል።»

ጋሼ ሰይድ ነክቻለሁ ካሉ ነክተዋል። አሥር ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ፣ ቤታቸው ነው ያደግሁት ብል ይቀላል። ግን ይኼ ማስረጃ አይሆንም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7። ከሰዓት

ስህተቱ ዓይን አፋር ነው። ሲያዩት ይደበቃል። ኮዱ እያንዳንዱን እርምጃ «አሁን እዚህ ደርሻለሁ» እያለ እንዲጽፍ አደረግሁ። ጭራሽ ንጹሕ ሆነ። መጻፉ ራሱ ያዘገየዋል፤ ሲዘገይ ደግሞ አይሳሳትም። ጽሑፉን ሳጠፋው ብቻዬን እቀራለሁ፣ ምንም ሳላይ።

የምጠረጥረው ዳታ ሬስ ነው። ላስረዳሽ፣ አትሰልቺ። ፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት እጆች አሉ፤ እኛ ትሬድ እንላቸዋለን። አንዱ የሚገባውን ይደምራል፣ ሌላው የሚወጣውን ይቀንሳል። ቁጥሩ ግን አንድ ነው፣ የጋራ። መደመር ለኛ አንድ ነገር፣ ለማሽኑ ሦስት፦ ቁጥሩን ማንበብ፣ መደመር፣ መልሶ መጻፍ። ሁለቱ እጆች እኩል ካነበቡ አንዱ የሌላውን ሳያይ ጽፎበት ያልፋል። የመጨረሻው ጸሐፊ ያሸንፋል። ሌላው እንዳልነበረ ይሆናል።

ኮዱ ላይ ቁልፍ የለም። አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቅ የሚል ነገር የለም። አየሁት። ግን ይሄ ሊሆን ይችላል ማለት ነው እንጂ ሆኗል ማለት አይደለም። እንዲሆን ሁለት ሰዎች ዓይን ተጨፍኖ በማይገለጥበት ቅጽበት ባጅ ማስነካት አለባቸው። ማን እንደዚያ ይነካል?

አለቃዬ ክሬግ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። የተዘጋ ጉዳይ ላይ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። ይኼ ኮድ ስንት መጋዘን ውስጥ ዓመታት ሠርቷል፣ አንድም ቅሬታ የለም አለኝ። እውነቱን ነው። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ለምን እዚያ ብቻ?

ከሥራ በኋላ፣ መኪና ውስጥ

የቅሬታ መዝገቡን አገላበጥኩ፤ ክሬግ ቅሬታ የለም ያለኝ ውሸት ነው። ወይ አላየውም። ከዚያው በር፣ ከዚያው ሺፍት መቀየሪያ ሰዓት፣ ከዚህ በፊትም «ዜሮ እያለ ሰው ነበረበት» የሚል መጥቷል። ጋሪው ቀስ ብሎ ስለነበር ማንም አልተነካም። ጉዳዩ የተዘጋበት ምክንያት አንድ ዓይነት፦ ሠራተኛው ባጅ አልነካም። ከሥሩ ደግሞ አንድ ሰው ጨምሮበታል፦ እነዚህ ሰዎች ባጅ ይዋዋሳሉ።

እነዚህ ሰዎች። ረድፉን የሚሠሩት የኛ ልጆች ናቸው፣ ግማሹ ከወሎ ግማሹ ካዲሳባ። ደሜ ፈላ። ሃይ ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ጥሼ ልገባ ትንሽ ቀረኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9። ከሰዓት

ለክሬግ ነገርኩት። አጎቴ ነው አልኩት። አሁን ካልነገርኩት በኋላ ያገኘሁት ሁሉ ውድቅ ይሆናል ብዬ።

ክሬግ ደግ ሆነ፤ እሱ ነው የከፋው። ስላሳወቅሽኝ አመሰግናለሁ፣ ከባድ ነው፣ ይገባኛል። ከዚያ ከጉዳዩ አነሳኝ። ሌላ ሰው ይመለከተዋል አለ። ሌላው ሰው ማን እንደሆነ ስጠይቀው ስልኩን አየ። ማንም እንደሌለ ገባኝ።

ቤት ሄጄ ልብስ አጠፍኩ። የታጠፈውን ዘርግቼ እንደገና አጠፍኩ። ሰፈሬ ክሊንተንቪል ዛሬ ጸጥ ብሏል፣ የጎረቤት ቅጠል ጠራጊ ሞተር እንኳ አይሰማም። ጉዳያቸው የሚሰማበት ዓርብ እየመጣ ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12። ከሰዓት

አገኘሁት። አገኘሁት መሰለኝ። እጄ ቀድሞኝ እየጻፈ ነው።

ሉዊስ ሴንተር ነበርኩ፣ ጋሼ ቤት። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ቤቱን ሁለቴ ጠርገዋል፣ ሲጨነቁ እንዲህ ናቸው። ጋሼ ለጸሎት መስጊድ ሄደዋል። ተስፋዬ ሊጠይቃቸው መጥቶ ነበር፣ ሙዝና ጁስ ይዞ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላውን እንደለበሰ። ተስፋዬ ማለት ከዚያ ረድፍ ጋሼ ሲገቡ የሚወጣው ነው፤ ያን ቀንም እሱ ነው የወጣው። ለሱፐርቫይዘሩ አብረን ነው የነካነው ብሎ መስክሮ ነበር። ጓደኛው ነው ብለው አልሰሙትም። እኔም ያንን አብረን የሚለውን ቃል ሰምቼ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። አብረን ሲል በአንድ ቀን ማለቱ መስሎኝ።

ጁስ ቀድቼ ሳመጣ ተስፋዬ ልሂድ ብሎ በሩ ላይ ደርሷል። ጋሼ ከውጭ እየገቡ ነው። ተያዩ። ይለፉ ጋሼ ሰይድ። ኧረ አንተ ውጣ። በሞቴ። ሞት ይርሳህ፣ እለፍ። ይኼንን ስንት ጊዜ እንዳሉት አልቆጠርኩም፣ በሩ ተከፍቶ ቅዝቃዜው ቤቱን ሞላው፣ እትዬ ዘይነባ ከጓዳ ያጉረመርማሉ። በመጨረሻ ቀኝ እጅ ለቀኝ እጅ ተጨባብጠው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ጎን ለጎን ሆነው እኩል አለፉ። አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ። በአንድ ጊዜ።

ብርጭቆውን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም።

መጋዘኑ በር ላይም እንዲህ ነው የምታደርጉት አልኳቸው። ጫማ ታደርጋላችሁ ወይ ብዬ የጠየቅኋቸው ይመስል አዩኝ። ተስፋዬ አሳየኝ። ቀኝ እጁ ጋሼን እንደጨበጠ ግራ እጁን ዘረጋ፣ ባጁን እንደሚያስነካ። ጋሼም በሳቸው በኩል እንደዚያው። በሩ ከውስጥም ከውጭም ማንበቢያ አለው።

«መጀመሪያ ላይ እለፍ አላልፍም ስንል በሩ ይዘጋብን ነበር» አለ። «ሱፐርቫይዘሩም ያኮርፋል። በኋላ ተስማማን። ማንም ማንንም እንዳይቀድም ሦስት ብለን እኩል እናስነካለን። አሁን ሁሉም ልጆች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።»

ሦስት ብለው። ሌላው መጋዘን ውስጥ ያለው ሰው አንገቱን ነቅንቆ ተራውን ጠብቆ ያልፋል። የኛዎቹ በይሉኝታ ተስማምተው፣ ቆጥረው፣ በየቀኑ ያንን ቅጽበት ይሠሩታል። እኔ ከኮምፒውተር ጋር የምታገለውን እነሱ በሰላምታ።

አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ ላረጋግጥ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ሳቅሁ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13። ማለዳ፣ ከሥራ በፊት

ሁለቱን ትሬዶች በር ላይ አቆምኳቸው። አንዱ ገቢ፣ አንዱ ወጪ። ሁለቱም እስኪደርሱ ማንም አይንቀሳቀስም፤ ከዚያ እኩል ልቀቅ። እነ ተስፋዬ እንደሚያደርጉት። አንድ ሰው ውስጥ አለ፣ እሱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፤ መልሱ አንድ መሆን አለበት።

አንድ። አንድ። አንድ። ሻይ አፈላሁ። አንድ። ተስፋ ልቆርጥ ነው። አንድ።

ዜሮ።

ሁለቱም አንድ የሚለውን አነበቡ። ገቢው ሁለት ብሎ ጻፈ፣ ወጪው በላዩ ላይ ዜሮ ብሎ ጻፈበት። ሰው ውስጥ እያለ ዜሮ። ጋሪው ይለቀቃል።

ነክተዋል። ጢጥ ብሏል። ጋሼ ሰይድ አልዋሹም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15። ከሰዓት

ለክሬግ አሳየሁት። ከጉዳዩ አንስቼሽ ነበር ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ ዜሮው ሲመጣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ደጋግሞ አስሮጠው።  ለአፍታ የኛ ወገን መሰለኝ።

ከላይ ካሉት ጋር ተነጋግሮ ሲመለስ ሌላ ሰው ነው። ቁልፉ ይገባል፣ ጥቂት መስመር ነው፣ በሚቀጥለው ዝማኔ፣ በወሩ መጨረሻ፣ «ጥቃቅን ማሻሻያ» በሚል። የዓርቡ ነገር የደንበኛው የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ከኛ ምንም አይሄድም። ወደ ውጭ ምንም እንዳልጽፍ፣ ምንም እንዳላሳይ። እስከዚያ ሰውየውስ አልኩት። ያሳዝናል አለ። እስከዚያ ጋሪዎቹስ አልኩት። ከስንት ጊዜ አንዴ የሚሆን ነገር ነው አለ። ስለ ሥራዬ ምንም አላለም። መናገርም አላስፈለገውም።

ከስንት ጊዜ አንዴ። እነሱ ግን በየቀኑ ነው ሦስት የሚሉት።

ተስፋዬ ጋ ደወልኩ። በር ላይ አትጨባበጡ፣ እኩል አትንኩ፣ አንዱ ይቅደም። መጀመሪያ ሳቀ። ሲገባው ስለ አዲሷ ልጅ ነገረኝ። በጋሼ ቦታ አሁን የምትገባው ገና የመጣች ልጅ ናት፣ እንግሊዝኛውም ገና አልቀናትም።

«ኧረ ሃዩ፣ ሰላም ሳልላት እንደ ግንብ ልለፋት? ምን ትለኛለች?»

ለምኜ እሺ አስባልኩት። ለሌሎቹም ሊነግር ቃል ገባ። ግን እጁን አውቀዋለሁ። ሳይጠየቅ ነው የሚዘረጋው።

ፈርቻለሁ። ስለ ሥራዬም፣ ስለዚያች ስሟን ስለማላውቃት ልጅም። የትኛው እንደሚበልጥ ትናንት ብትጠይቂኝ አላውቅም ነበር።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17። ከቀትር በፊት፣ ኒው አልባኒ፣ መኪና ማቆሚያ

ጋሼ አጠገቤ ናቸው። ሱፍ ለብሰዋል፣ የዒዱን። ትከሻቸው አሁንም ያማቸዋል መሰለኝ፣ ቀበቶውን እኔ ነኝ ያሰርኩላቸው። ክሬግ ይደውላል። ስልኩን ገለበጥኩት። ላፕቶፑ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው። 

«ታዲያ ያጠፋው ሰላምታችን ነው?» አሉኝ።

አይደለም አልኳቸው። ማሽኑን የሠራው ሰው ሁለት ሰው እኩል ይመጣል ብሎ ስላላሰበ ነው።

«ማሰብ ነበረበት» አሉ፣ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ።

ከዚያ ሥራሽስ አሉኝ። መለስኩላቸው፤ ውሸት ነበር። ውሸት እንደሆነ አወቁ። ተይው ሃዩ፣ እኔ ሌላ ሥራ አላጣም፣ አንቺ አትናገሪ፣ የማውቀውን እኔው እነግራቸዋለሁ አሉ። እሳቸው ቢናገሩ ግን ያው ሾልኮ የገባው ሰው ቃል ነው። ዜሮውን ማሳየት የምችለው እኔ ነኝ። ከሰዓት ሺፍት ይቀየራል፤ ያቺ ልጅ በር ላይ ትቆማለች። ጋሪዎቹን አሁኑኑ አቁሙ የሚል ሰው ያስፈልጋል።



ጠሩን። ጋሼ ወርደው በሩ ጋ ደርሰዋል። በጤነኛው እጃቸው መስተዋቱን በር ከፍተው ይዘው ቆመዋል፣ ወደ እኔ እያዩ። እንደምላቸው ያውቃሉ፦ እርስዎ ይቅደሙ። በዕድሜዬ ከሳቸው ቀድሜ በር አልፌ አላውቅም።

ዛሬ እኔ እቀድማለሁ።