አንዲት መኪና በሁለት ሣጥን

ለተከበራችሁ የሃርግሮቭና የዴልፎርድ የተዋሐደ የሞዴል መኪና ፋብሪካ አስተዳዳሪዎች፤
ባላችሁበት።

ክቡራን ሆይ፣

በቅድሚያ ለእናንተ፣ ለቤተሰባችሁና ለሁለቱም ስሞቻችሁ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ቀጥዬም መላውን ሰፈራችንን ኢስት ዮርክን ማስደንገጥ ሲገባው ከእኔ በቀር ማንንም ያላስደነገጠ ዜና በታላቅ ትሕትና አሳውቃለሁ፦ በረዶው ከመጀመሩ በፊት በነበረ አንድ ቅዳሜ፣ በቀይ ሣጥን የምትሸጡልን የፕላስቲክ መኪናና በሰማያዊ ሣጥን የምትሸጡልን የፕላስቲክ መኪና አንድ መኪና ሆነው ተገኝተዋል።

እኔ ሀብተማርያም የምባል፣ የልጅ ልጅ ያየሁ፣ በአሰብ መንገድ ፊያት የነዳሁ ሰው ነኝ። ወዳጄ ይመር በዚያው መንገድ መርቸዲስ ነድቷል። በእኛ ሙያ ሰው የያዘው መኪና ስም ሲነካበት አባቱ የተሰደበ ያህል ይቆጣል። እዚህ ሰው አገር መጥተን ዓይናችን ሲደክምና መሪ የሚያስጨብጠን ስናጣ፣ የእናንተን መኪኖች መገጣጠም ያዝን፤ እኔ የዴልፎርድን ሰማያዊ ሣጥን፣ እሱ የሃርግሮቭን ቀይ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት ሙጫ እያሸተትን፣ የዴልፎርድ በር አይዘጋም፣ የሃርግሮቭ ኮፈን ይንጋደዳል እየተባባልን በሰላም እንሰዳደብ ነበር። አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ፤ ጊዜያችሁ ውድ ነው፣ የእኔ ግን እንደምታዩት ሞልቷል።

አንደኛ፦ ሁለታችሁ አንድ ስትሆኑ ሁለቱንም ስሞች ማቆየታችሁ ከጨዋነት የመነጨ፣ የተዋጠው ፋብሪካ ስሙ እንዳይጠፋ ያደረጋችሁት መስሎን፣ ሣጥን በከፈትን ቁጥር ስንመርቃችሁ ኖረናል። ምርቃት የሚመለስበት አሠራር ካላችሁ በየት በኩል እንደሆነ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፦ ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ይመር የአዲሷን መኪናዬን ማርሚታ፣ የጭስ መውጫ ቱቦዋን፣ አይቶ፣ ጭስ የምታወጣው በአፍንጫዋ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ስለ መርቸዲሱ መመለስ የማይገባኝን መለስኩ። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። እንደ ወጋችን በሳምንቱ ቅዳሜ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አቶ ቃሲም ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከጄን ኤንድ ፊንች፣ በዝናብ መጡ፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ጽጌም ተጨመሩ። እኔና ይመር ያልተከፈቱ ሣጥኖቻችንን እንደ ምስክር አቀረብንና፣ ሽማግሌዎቹ እስኪመክሩ ገለል በሉ ተብለን የሕንጻው ኮሪደር ላይ ጀርባ ተሰጣጥተን ቆምን። ስንጠራ ሁለቱም ሣጥኖች ተከፍተው፣ ቸርኬ ከቸርኬ፣ ኮፈን ከኮፈን ተደርድሯል። እኔ የሃርግሮቭን መኪና አልነካም እያልኩ ስምል የኖርኩ ሰውዬ፣ ስሙ በሰማያዊው ሣጥኔ መኪና ሻንሲ ሥር ተቀርጾ አየሁት። አቶ ቃሲም ባልና ሚስት፣ ወንድምና ወንድም አስታርቀው እንደሚያውቁ፣ ከራሱ ጋር የተጣላ ሰው ሲያስታርቁ ግን ይህ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ተናገሩ። ሣጥኑን እያነበበች ሴም ካር፣ አንድ መኪና ነው እኮ አባባ ስትለን የከረመችው የልጅ ልጄ ውብአለም፣ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ማድ ቤት ገባች። ወይዘሮ ጽጌ ጠብ የሚባል ነገር የላችሁም፣ ተሳሳሙ አሉን። ተሳሳምን።

ከዚያ ወዲህ ይመር መጥቶ አያውቅም። ቤቱ ስካርቦሮ ነው፤ ያንኑ መኪና ለማየት ይህን ሁሉ አውቶቡስ ምን አስቀየረኝ ይላል። በስልክ ኮል ሳደርግለትም አይቆጣም። ሲሰድበኝ አንተ ይለኝ የነበረ ሰው፣ አሁን አንቱ እያለ ጤናዬን ይጠይቀኛል። ክቡራን ሆይ፣ በዚህ ዕድሜዬ ማንም ፋብሪካ ከዚህ የባሰ አልሠራብኝም።

ሦስተኛ፦ ይሁን እንጂ ሽማግሌዎቹ ያላዩት አንድ ልዩነት አለ፤ እውነት ነውና መጻፍ አለብኝ። የሰማያዊው ሣጥን ጎማ ለስለስ ያለና ጥርሱ የወጣ ሲሆን፣ የቀዩ ግን ደረቅና ልሙጥ ነው፤ በዝናብ ቀን ያሳፍራል። ይህን በጣቴ ዳስሼ አረጋግጫለሁ። ቀዩን ሣጥን መምረጥ ሾፌርነትን ካለማወቅ የሚመጣ መሆኑንም በዚሁ አጋጣሚ፣ ማንንም ሳልጠቅስ፣ እገልጻለሁ።

አንዱን ደስታ ሁለት ጊዜ ስለሸጣችሁልን ከልብ እያመሰገንኩ፣ አማርኛው ካልተነበበላችሁ ይህንኑ ደብዳቤ በሌላ ቀለም ፖስታ እንደገና ልልከው ዝግጁ ነኝ፤ ለእናንተ አዲስ ደብዳቤ ይሆናል።

የሁለቱም ስሞቻችሁ አክባሪና የአንዱ መኪናችሁ ታዛዥ አገልጋይ፣
ሀብተማርያም፣ ጡረተኛ ሾፌር፣
ከኢስት ዮርክ

ማስታወሻ፦ በሦስተኛው ቁጥር የተጻፈው የጎማ ነገር ፈጠራዬ ነው። ሁለቱም ጎማዎች እኩል ደረቅ ናቸው። ይህ ደብዳቤ በማኅበራችን ጋዜጣ ስለሚወጣ ይመር ያነበዋል፤ ግን የማንንም ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቦ አያውቅም፣ መሐል ላይ ሲናደድ ይወረውረዋል። ስለዚህ እባካችሁ ማስተባበያ አትላኩ። በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ልዩነት መሥራት የእናንተ ሥራ ነበር፤ ስላልሠራችሁት እኔ ሠርቼዋለሁ። አሁን ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ አንተ ብሎ የሚጀምር ስድብ እየጠበቅኩ ነው።