የእማማ ወለተ ማርያም ፊት

የሺዬ፣ ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ አሰላ መጥቼ በካሜራዬ አፈርኩ። ቤታቸው ያሳረፉኝ እማማ ወለተ ማርያም ኤርትራ ለዘመተው ልጃቸው የሚልኩት ፎቶ እንዳነሣቸው ለመኑኝ። ነጭ ነጠላ ለብሰው ፀሐይ ላይ አነሣኋቸው። ፊልሙ ሲታጠብ የነጠላው ጥለት ሳይቀር ወጥቷል፤ ፊታቸው ግን ጠቁሮ አይለይም። «ነጠላዬንስ ልጄ ያውቀዋል፤ እኔ የታለሁ?» አሉኝ።

ፎቶ ቤት ያለው ደበላ ሳቀብኝ። «በካሜራው ብርሃኑን የለካሽው ከነጩ ነጠላ ነው፤ ፊታቸው የጠቆረው ለዚያ ነው። ጠጋ ብለሽ ከጉንጫቸው ለኪ።» እኔና አንቺ ፒያሳ ፎቶ ቤት ልንነሣ ስንሄድ የእኛ ሥራ ትንፋሽ መያዝ ብቻ ነበር።

ዛሬ ደበላ እንዳለኝ ለክቼ ደግሜ አነሣኋቸው። ሽፋሽፍታቸው ጠርቶ እስኪታየኝ ሌንሱን ሳዞር «አንቺ ልጅ፣ አረጀሁ እኮ» ይሉኛል። ፊልሙ ረቡዕ ይታጠባል፤ ፎቶውን ለልጃቸው የሚያደርስላቸው፣ ወደ ግንባር የሚመለሰው ወታደር ሐሙስ ይነሣል። የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ፤ እማዬን ሳሚልኝ። ወታደሩ ፎቶውን ይዞ ከሄደም፣ ባዶ እጁን ከሄደም፣ የዚያኑ ዕለት እጽፍልሻለሁ።