በሩ ላይ የቀረው መዳፍ

ይድረስ ለወንድምጋሼ ደምመላሽ፦

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እጅጋየሁስ፣ ልጃችሁ ማህደርስ? የጋምቤላ ሙቀት ከኛው ከሸዋ ሮቢቱ ይብሳል ብትለኝ ግን አላምንህም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማዬም አለች፣ መኖር ከተባለ። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው።

አባዬ ዕድሜውን የሰው በር ሲበይድ ኖሮ የራሳችንን የግቢ በር ሊጨርስ ሲል ሞት ቀደመው። ያን ቀን ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ መስታወት አስመስሎት ነበር። ደንቡን አትረሳውም፤ የተፈተገ ብረት በባዶ እጅ አይነካም፣ ጸረ ዝገቱም በዚያው ቀን ይቀባል። በዚህ ነገር ስንቴ ተቆጥቶናል! ደረቱን ሲይዘው ግን እሱ ራሱ በሩን ተደግፎ ቆመ፣ ከዚያ ወደቀ። ቀለሙን ማንም አላስታወሰው።

በሠልስቱ ዕለት መዳፉ በሩ ላይ ወጣ። አምስቱም ጣቶቹ፣ የሌባ ጣቱ ጫፍ እንደጎደለች። የላቡ ጨው ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሆኖ ብረቱን አዝጎት ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ሲመሽ በሩን ልዘጋ ስሄድ ግን ዕውቀቴ ጥሎኝ ይሸሻል። ፈራሁ፣ ምን ልደብቅህ፤ በክርኔ ገፍቼ ነው የምዘጋው።

አንተ ክሊኒክ ያለው መቀስ ክሮሚየም ስላለበት፣ ኦክስጅኑ ገና ሲነካው ስስ ሽፋን ሠርቶ ይጠብቀዋል። የኛ ብረት ያ የለውም። ዝገቱ እየተላጠ አየሩን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። መዳፉ በየቀኑ እየሰፋ ነው፤ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቱ ተጋጥመዋል።

እማዬ ማለዳ ዱካዋን አውጥታ አጠገቡ ትቀመጣለች። ቫርኒሽ ልቀባበት ብላት፣ «ተይ፣ አታፍኚው» አለችኝ። የሚበላው ያው አየሩ መሆኑን በየት አፌ ልንገራት? መንገድ ተዘግቶብህ ለቀብሩ ስላልደረስክ፣ «ደሜ መጥቶ እጁን ያሳርፍበት፣ ከዚያ እንዳሻሽ ቅቢው» ብላለች።

አሁን መንገዱ ተከፍቷል አሉ። ክረምቱ ሳይገባ ድረስልን። ዝናብ ካገኘው የሚቀረው ቀይ እድፍ ብቻ ነው፤ እድፍ እያሳየሁህ አባዬ ነው ልልህ አልችልም።

እጅጋየሁን ሳምልኝ፤ ማህደርን ጉንጯን ነክሰህ አክስትሽ ናት በላት። አባዬን ከመሬት ያነሳው ጎረቤታችን ኑረዲን ሰላም ብሎሃል። ታናሻችን ሰላማዊት ፈተና ላይ ናት፣ ናፍቀሃታል። እማዬ ዐይንህን ትስምሃለች። አባዬም ብዬ ልጽፍ ነበር፣ እጄ ለምዶ።

እህትህ ሰገነት ወርቁ
ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.