ወይዘሪት ከመርሳቷ በፊት

ኅዳር 14 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ሥራው እንዴት ይዞሻል? እኔን ከጉልበቴ በቀር ምንም አላለኝ። ከወንድምሽ ቀብር ማግስት ከሄድሽ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። ብደውል አታነሽውም። ጽሕፈቴ ቀርፋፋ ቢሆንም ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ፤ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ወንድምሽ ሲገራት የነበረችውን ባዝራ ፈረስ ታውቂያታለሽ፤ የግልቢያ ትምህርት ቤቱ ናት። ካልለመኗት ንቅንቅ ስለማትል «ወይዘሪት» ነበር የሚላት። እሱ ካረፈ በኋላ አሠልጣኙ መጥቶ፣ «ሰው መሸከም ከለመደች እንወስዳታለን፤ አለዚያ ለጋሪ ትሄዳለች» አለኝ። የጋሪ ፈረስ ጀርባ አይተሽ የለ? የልጄ እጅ የዳበሳትን እንዴት ለጅራፍ ልስጥ?

መግራቱን እኔው ቀጠልኩ። ሲሠራ በወጥ ቤቱ መስኮት አየው ነበር። መጀመሪያ ብርድ ልብስ ጀርባዋ ላይ ጣል ማድረግ፣ ማንሳት። ቆይቶ ባዶ ኮርቻ። ስትፈራ ትቶ፣ ራሷ እስክትመለስ መቆም። «እማዬ፣ ዛሬ እንቢ ካለች ነገ እንጠይቃታለን፤ ምን ያጣድፈናል?» ይለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አሠልጣኙ ሊፈትናት መጣ። አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ቀስ ብሎ ወጣባት። ጆሮዋን ወደ እሱ መልሳ አዳመጠችውና ተራመደች፤ ከዚያም ሶምሶማ።

«እማማ፣ ይቺማ ከኔ ልጆች ይልቅ ትሰማለች!» ብሎ ሳቀ። ነፍሴ መለስ አለች።

ወዲያው አቧራው ጉሮሮውን ያዘውና ሳለ። ወይዘሪት ቀጥ አለች። በተረከዙ ነካት፤ ወይ ፍንክች! አንገቷን ዝቅ አድርጋ ተተከለች። ሳሉ ሲለቀው ሄደች። እንደገና ሲስል እንደገና ቆመች።

«ክፉ አመል አላት። መኪና መንገድ መሃል እንዲህ ብትገተር ሰው ታስገድላለች» አለና አለንጋውን አነሳ።

«አትምታት!» ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። «ተው ወንድሜ። አራምዳትና አንዴ ሳል።»

«ምን?»

«ሳል እልሃለሁ!»

እንደ እብድ አየኝ። ግን አራመዳትና ሳለ። ቆመች።

ያኔ ገባኝ። ወንድምሽ ሲያስለው አንገቷን ተደግፎ ነበር የሚቆመው። ሆን ብሎ አላስተማራትም፤ ከሳሉ ብዛት ራሷ ለመደችው። ቤት ውስጥ አንድም ቀን ሲስል አልሰማሁም። ምሳውን ሳይጨርስ «ወይዘሪት ትጠብቀኛለች» እያለ የሚወጣው ለካ ለዚህ ኖሯል።

«ሳንባው እንዲያ እስኪሆን አንቺ የት ነበርሽ?» ብለሽኝ ሄድሽ። ወጥ ቤት ነበርኩ ልጄ። አንገቷን ሲያቅፍ በመስኮት አየዋለሁ። ፍቅር መስሎኝ ፈገግ እል ነበር።

ባዝራዋን ለጋሪ እንዳይሰጥብኝ ይህንኑ ለአሠልጣኙ ጮክ ብዬ ነገርኩት። አለንጋውን ዝቅ አደረገ። ወርዶም ለረጅም ጊዜ ግንባሯን ሲያሻሽ ቆየ።

«እማማ፣ እወስዳታለሁ። ግን ይህን መርሳት አለባት፤ የሚማርባት ሁሉ ሊያስለው ይችላል።»

«እንዴት ነው የምትረሳው?»

«ልጓሟን ይዞ እየሳሉ ሳይቆሙ መሄድ ነው፤ እስክትተወው ድረስ። ሌላ ሰው ልላክ?»

«እኔው አደርገዋለሁ» አልኩት። «ግን ዛሬ አልጀምርም። አንድ ሳምንት ስጠኝ።»

«ለምን?»

«እንግዳ እጠብቃለሁ።»

እንዲያ ብዬዋለሁ፤ ውሸታም አታድርጊኝ። ነይና አጠገቧ እየሄድሽ እንደ መሳል በይ። ወንድምሽን እንዴት ትጠብቀው እንደነበር በዓይንሽ ታያለሽ። እኔን ባታናግሪኝም ግድ የለም፤ በሩን ክፍት እተውልሻለሁ።

መንገድሽ የቀና ይሁን፤ የሚወድሽ አይጥፋ። ስትመጪ ወፍራሙን ሹራብ ልበሺ፣ ደረትሽን ብርድ እንዳያገኘው።

እናትሽ