የ17 ቁጥር ድንጋይ ባለቤት

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፣ ጠዋት 3፡00
ሦስተኛው መደርደሪያ። አሁንም አቧራ ላይ ነኝ። ማስታወሻዬ፣ ባቆሽሽሽ ይቅርታ። ኃላፊያችን ቁርጡን ተናገሩ፤ የተገኘበት ቦታ ያልታወቀ ድንጋይ ሁሉ እስከ ዓርብ ከሙዚየሙ ይውጣ። ቦታ ጠቧል። መለያ ወረቀት የሌላቸው ዐሥራ አንድ ናቸው። አንዱ ያ የምወደው፤ ከውጭ ጥቁር፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ብቻ የቀረ፣ ውስጡን ኳርትዝ የሚባል ነጭ አንጸባራቂ ማዕድን እንደ ጥርስ የበቀለበት። እሱም ይጣል? ሆዴ እምቢ አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ከሰዓት
የዚያን ድንጋይ ሥር በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። በቀይ ቀለም፣ ቁ. 17! ጮህኩ። ዘበኛው ሮጠው መጡ፣ እባብ መስሏቸው። መሳቢያውን ሁሉ በረበርኩ። አሮጌ የመስክ ደብተር፤ ቁ. 17፣ ጭልጋ፣ ከአያ ፈንታሁን ማሳ። የጻፈው ሰው አልፈረመም። ኃላፊው አላመኑም፤ ሄደሽ አረጋግጪ አሉ። ተናደድኩ። ግን ልክ ናቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ 11፡30፣ ማራኪ ሰፈር፣ ክፍሌ
ጭልጋ ደርሼ መጣሁ! ድንጋዩን በሻሽ ጠቅልዬ ታቅፌ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ሕፃን መስሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ። አያ ፈንታሁን በሕይወት አሉ። ሽማግሌ፣ ቀልደኛ። ድንጋዩን ሲያዩ ሳቁ፣ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ። ዶሮዎቹ ውሃ የሚጠጡበት... ሌላኛው ግማሽ! ውሃውን ደፋን። ገጠምናቸው። ልክክ! እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጣ።

ስማቸውን ልጽፍ እስክሪብቶ ሳወጣ ከለከሉኝ።
"ምነው የኔን ትጽፊያለሽ? ያገኘችው እሷ ናት።"
እሷ ማለት ባለቤታቸው፣ ወ/ሮ ውዴ። ከማሳው ድንጋይ ሲለቅሙ አግኝተው፣ በመዶሻ የሰነጠቁት እሳቸው። ያኔ ደብተሩን ይዞ የመጣው ሰውዬ የማሳውን ጌታ ስም ብቻ ጽፎ ሄደ። ወ/ሮ ውዴ ከበሩ ላይ ሆነው፦
"ባይጠይቀኝም ሸጋውን ግማሽ ለራሴ አስቀርቻለሁ!"
ለዶሮዎቹ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14፣ 4፡00
ኃላፊው ሁለቱን ግማሾች ገጥመን ያነሳሁትን ፎቶ አዩ። ከዚያ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው የማሳያው መስታወት ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። ለቀሪዎቹ ዐሥርም እስከ ገና ጊዜ ሰጡኝ። ደስ ደስ አለኝ።

5፡15
የመለያው ቅጽ ላይ "ሰብሳቢ" እንጂ "ያገኘው ሰው" የሚል መስመር የለም። ማንንም አላስፈቅድም። በእጄ ጨምሬያለሁ። ቁ. 17። ኳርትዝ። ጭልጋ። ያገኙት፣ ወ/ሮ ውዴ...
ወይ ጉዴ! የአባታቸውን ስም እኔም አልጠየቅኋቸውም። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ጭልጋ!