ለማንም ያላካፈሉት ጠርሙስ፦ የአቶ ሽብሩ ባልቻ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሽብሩ ባልቻ ከአባታቸው ከአቶ ባልቻ ሮባና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘነበች ጅግሶ በጌዴኦ ዞን አሪቻ በ1966 ዓ.ም. ተወለዱ። በይርጋጨፌና በዲላ ተምረው፣ በራጅ ሙያ ተመርቀው፣ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በዲላ በሚገኝ ሆስፒታል አገልግለዋል። በ1992 ዓ.ም. ወ/ሮ ፀጋን አግብተው ኤልቤቴልንና ባርኮትን ወልደዋል። ሥራቸው ሰውነታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እኛን ወንድሞቻቸውን ፎቶ ሲያነሡን እንኳ ትንፋሽ ያስይዙን ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ከሐኪሞች ጋር አንድ ጥናት ጀመሩ። አንጀቱ በሲቲ ስካን የሚታይ ሰው በዋዜማው በጠርሙስ ወደ ቤቱ ወስዶ የሚጠጣው፣ አንጀቱን በምስሉ ላይ አጉልቶ የሚያወጣ ፈሳሽ አለ። ባሪየም የሚባለው ወፍራምና ነጭ ነው፤ አዮዲን ያለበት ቀጭንና ጣፋጭ ነው። ሁለቱ ሲወዳደሩ ባሪየሙ በሰፊው በለጠ። ሪፖርቱ ሊላክ ሳምንት ሲቀረው፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.፣ ምስላቸው የደበዘዘባቸውን ጣፋጩን የወሰዱትን የጨለለቅቱውን ታካሚ አቶ ታረቀኝን፣ አቶ ሽብሩ ጠርሙሱን ጨርሰው እንደሆነ ጠየቋቸው። እሳቸውም «ሆድ የሚያመው እኔን ብቻ ነው እንዴ? ቤተሰቡ ሁሉ ቀማምሶታል» አሉ። ወፍራሙን የሚሻማው አልነበረም፤ ጣፋጩ ግን በየቤቱ ሲታደል ከርሟል።

የሁለት ዓመት ድካም ውኃ በላው። አቶ ሽብሩ ከአንድ ጀምረው እንደገና ቆጠሩ፤ ጠርሙሱንም ዓይናቸው እያየ እዚያው ሆስፒታል ያስጠጡ ጀመር።

መጋቢት ላይ በራሳቸው ሰገራ ደም አዩ። ለማንም አልተነፈሱም። ቀበቷቸው እየሰፋ ሲሄድ ወ/ሮ ፀጋ እንዲመረመሩ ለመኗቸው፤ እሳቸው ጥናቱ ይለቅ እያሉ ገፉት። የሰው አንጀት ሲያዩ የሚውሉ ሰው የራሳቸውን አምስት ወር አቆዩት። ይህ እኛን እስከ ዛሬ ያንገበግበናል።

ነሐሴ ላይ የመጨረሻው ታካሚ ተመዘገበ፤ ሁለቱ ፈሳሾች እኩል ሆነው ተገኙ። በማግሥቱ አቶ ሽብሩ የራሳቸውን ጠርሙስ ይዘው ተቀመጡ። ወ/ሮ ፀጋ፣ በትዳራቸው ሁሉ እንደለመዱት፣ ሊቀምሱላቸው እጃቸውን ዘረጉ። አቶ ሽብሩ ራሳቸውን ነቀነቁና ፊት ለፊታቸው እስከ ታች ጠጡት። ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። የአንጀት ካንሰር እንዳለባቸውና ጉበታቸው ድረስ መድረሱም አብሮ ታየ።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኛን ወንድሞቻቸውን ትተዋል። እግዚአብሔር ሕመም በሌለበት ያሳርፋቸው፤ ያን ቀን ባዶዋን ለተመለሰችው ለወ/ሮ ፀጋ እጅም መጽናናትን ይስጥልን።